ስለ መንግሥት ሥራና ስለ ግል ሥራ ምርጫ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



የትምህርት ዘመን ባለቀ ቁጥር በየመንደሩ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ አባትና እናቱ፥ «እንግዲህ ወዴት ይግባ? ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይቀጠር ወይስ ከነጋዴና ከኩባንያ ዘንድ ይሥራ?» እያሉ ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁን ለማስተማር ፍየሉን የሸጠ አለ፤ የእርሻውን ረዳት አጥቶ ብቻውን ያረሰ አለ፤ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ያስቀረ አለ። ስለዚህ ምርጫው የአንድ ልጅ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ዕጣ ነው። ይህንም ጥያቄ ይዘው የሚመጡት ወደ መምህሩና ወደ ሽማግሌው ነውና፥ መልሱ ከልማድ ብቻ የተቀዳ እንዳይሆን ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ ድሬ ዳዋ መልካም አስተማሪ ናት። ይህች ከተማ በኩባንያ ሥራ የተወለደች፥ በመንግሥት ሥራም የኖረች፥ አንዱ በሌላው ሲተካ ደጋግማ ያየች ናትና።

አስቀድሞ ግን የመንግሥት ሥራ በሰው ልብ ውስጥ ይህን ያህል ክብር ያገኘበትን ምክንያት ማየት ይበጃል። በቀደመው ዘመን ሰው መንግሥትን የሚያገለግለው በወር ደመወዝ አልነበረም። መኳንንቱም ወታደሩም የሚኖሩት በጉልትና በማደሪያ፥ በቀለብና በግብር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሥራ መልክ መያዝ ጀመረ፤ ቀስ በቀስም ብዕር የያዘ ሰው በወር ደመወዝ የሚተዳደርበት ሥርዓት ተስፋፋ። ዘመኑ ቢለወጥም ከአሮጌው ዘመን አንድ አሳብ አብሮ ተሻገረ፤ ይኸውም ክብር የሚገኘው ከመንግሥት ደጅ ብቻ ነው የሚል ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው መናቅ ልማድ ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጅ ግን ልማድን በአንድ ቀን አይነቅልም። ዛሬም ቢሆን ልጁ ከመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚኮራ፥ ከጋራዥ እጁ በዘይት ጠቁሮ ሲወጣ ግን የሚያፍር አባት አለ።

ድሬ ዳዋ ይህን ልማድ የተፈታተነች ከተማ ናት። ከባቡሩ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የግመል ነጋዴ ጀልዴሳ ላይ ይሰፍር ነበር። በዚያ የጉምሩክ ኬላ ነበረ፤ ግመል ነጂውና ጫኙ፥ ዘበኛውና ቀራጩ ሁሉ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚያ መንገድ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተዘረጋ በኋላ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት እጅግ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር፥ በኋላ ግን ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ጸናላት። የግመሉ መንገድ ግን ቀዘቀዘ፤ በጀልዴሳ ኬላ የሚተዳደረውም ሰው ኑሮውን በሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ሆነበት። የኬላው ቀራጭ የመንግሥት ሰው ነበረ፥ ግመል ነጂው ደግሞ የራሱ ሰው ነበረ፤ መንገዱ ሲዘዋወር ግን ሁለቱንም እኩል ነካቸው። ከዚህ ታሪክ የመጀመሪያውን ትምህርት ማግኘት ይቻላል።

ሐዲዱን መጀመሪያ የዘረጋው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ በሌላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመንገዱ ርዝመት ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ኩባንያው ትልቁን የጥገና ቤት ያቆመው በድሬ ዳዋ ነው። በዚያ ብረት መቅረጽ፥ መበየድ፥ የባቡር ሞተር ፈትቶ መግጠም ሙያ ሆነ፤ የሥራውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ብዙ ሠራተኛ ያን ቋንቋ ከሥራው ጋር ተማረ። በደቻቱ ወንዝ በአንዱ ወገን፥ በከዚራ፥ የባቡሩ ሰዎች ሰፈር ሲሠራ፤ በሌላው ወገን፥ በመጋላ፥ ንግዱ ደራ። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ነጋዴ ከአገሩ ነጋዴ ጋር ተቀላቀለ። እንዲህ ባለች ከተማ እጁ በዘይት የጠቆረ ሰው በወሩ መጨረሻ ቤተ ሰቡን በክብር የሚያስተዳድር ሆኖ ታየ።

የመንግሥት ሥራም በዚያው ከተማ ትልቅ ሰው አላጣም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ መንግሥትን ያገለገሉ፥ በድሬ ዳዋም የጉምሩክ ሹም የነበሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸውም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉ ስለ ሥራና ስለ ሀብት፥ ስለ ንግድና ስለ ዕውቀት የሚናገር ነው። በጉምሩክ ደጅ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በየቀኑ ማየት፥ ከውጭ የሚገባውና ወደ ውጭ የሚወጣው እንዴት እንደሚመዛዘን ለሚያስተውል ሰው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ በመንግሥት ወንበር መቀመጥ ብቻውን ሰውን ትልቅ አያደርግም፤ ከወንበሩ ሆኖ የአገሩን ነገር ያስተዋለና የጻፈ ግን ሹመቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ስሙ ይቀራል።

አሁን ደግሞ የባለቤትነቱን ለውጥ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገው ስምምነት የባቡሩ ኩባንያ የሁለቱ መንግሥታት እኩል ድርሻ ያለበት ሆነ። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላም የኢትዮጵያና የጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ ብዙ ፋብሪካዎችን በአዋጅ የመንግሥት አደረገ፤ ትናንት የግል ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ ወደ ቤቱ የገባው ሰው በማግሥቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ነቃ። በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬ ዳዋ የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ዘመን ተለውጦ ለግል ኩባንያ ተላልፏል። ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም፥ የሠራተኛው እጅም ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው በደመወዙ ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም ነው።

አሮጌው ባቡርም ራሱ አልጸናም። ሐዲዱ አርጅቶ፥ የጭነት መኪና ንግዱን ወስዶበት፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጭ ነው፥ ሥራውም ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። በአሮጌው ባቡር ቤት ያደገ ሰው፥ «ይህ ቤት አይወድቅም» ብሎ ልቡን ቢያሳርፍ የሚፈርድበት የለም፤ አባቱም አያቱም በዚያ ቤት በልተዋልና። ነገር ግን ቤቱ ሲዘጋ አንድ ልዩነት ተለየ። መበየድና ሞተር መፍታት የሚያውቅ ሰው ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ በር ማንኳኳት ይችላል፤ ከወንበሩ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ግን ወንበሩ ሲነሣ ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፤ የሥራ ዋስትና ከአሠሪው ስም ይልቅ በሠራተኛው እጅና ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ይህ ማለት ግን የመንግሥት ሥራና የግል ሥራ ልዩነት የላቸውም ማለት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙ ብዙ ጊዜ አነስተኛ ቢሆንም ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ ከሥራው ለማሰናበትም በሕግ የተወሰነ ሥርዓት አለ። በግል ድርጅት ትጉ ሠራተኛ ቶሎ ሊያድግና የተሻለ ደመወዝ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ የድርጅቱ ጭንቀት ወደ ሠራተኛው ቤት ይገባል። በመንግሥት ቤት እድገት በደረጃና በዘመን ይሄዳል፤ ትዕግሥት የሌለውን ያሰለቻል። በግል ቤት ደግሞ የአንድ አሠሪ ጠባይ ብዙ ነገር ይወስናል፤ ደግ አሠሪ እንደ አባት ያሳድጋል፥ ክፉ አሠሪ ግን ጉልበት በልቶ ያሰናብታል።

ስለ ጡረታ ግን ብዙ ሽማግሌ የሚያስበው የድሮውን ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ጸንቶ ሲቆም፥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ከ40 ዓመት በላይ ነው። አባቶች «የመንግሥት ሥራ ለሽምግልና ነው» ማለታቸው ስለዚህ እውነት ነበረ። ዛሬ ግን በሁለቱም ወገን ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፥ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሰው 350 ብር ይቆረጥበታል፥ አሠሪውም 550 ብር ይጨምርለታል፤ በድምሩ በየወሩ 900 ብር በስሙ ይገባል ማለት ነው።

ሕጉ መኖሩ ግን አይበቃም፤ መፈጸሙን መመልከት ያስፈልጋል። አሠሪው ለሠራተኛው 5,000 ብር እየከፈለ በመዝገብ ግን 2,000 ብር ብቻ ቢያስጽፍ፥ በስሙ የሚገባው 900 ብር መሆኑ ቀርቶ 360 ብር ይሆናል። ወጣቱ የተቆረጠበት ገንዘብ በማነሱ ደስ ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ጡረታ የሚታሰበው በተመዘገበው ደመወዝ ስለ ሆነ፥ ጉዳቱን የሚያየው ሲሸመግል ነው። እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራውን ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ የሥራው ውል በጽሑፍ ያልሆነ እንደ ሆነም አሠሪው የውሉን ነገር በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ይህን የማያውቅ ወጣት መብቱን የሚሰማው ከተበደለ በኋላ ነው። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ሲያሰናብት ይህን አብሮ ቢነግረው ስንቅ ይሆነዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስብ። ከድሬ ዳዋ ወጣ ባለ መንደር የሚኖሩ ሁለት አባቶች ወደ አንድ መምህር መጡ እንበል። የሁለቱም ልጆች ትምህርታቸውን በአንድ ዓመት ጨርሰዋል፤ ሁለቱም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሥራ ማግኘት ይችላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ በከተማው ካለ ጋራዥ ሙያ እየተማሩ መሥራት ይችላሉ።

የመጀመሪያው አባት፥ «መምህር፥ ልጁ ከጋራዥ መግባት ይወዳል፤ እኔ ግን አልፈቅድም። ተምሮ ተምሮ እጁ ሊጠቁር ነውን? ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

መምህሩም፥ «አባቴ፥ ቤትዎ ዕዳ አለበትን? በዚህ ዓመት የልጁን ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው አለን?» ብሎ ጠየቀ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ዕዳ የለብኝም። ሁለቱ ታላላቆቹ ያርሳሉ።»

«እንግዲያውስ የሚከለክልዎ የሰው አፍ ብቻ ነው። የሰው አፍ ደግሞ ልጁ ሲራብ አያበላውም። ልጁ ለሙያው ፍቅር አለው፤ ቤትዎም ሙያው እስኪገባው ድረስ ሊታገሠው ይችላል። አሠሪው ውሉን እንዲጽፍለትና ጡረታውን በትክክለኛው ደመወዝ እንዲያስመዘግብለት ብቻ እርስዎ አብረውት ሄደው ያነጋግሩ።»

ሁለተኛው አባት ደግሞ፥ «የእኔስ ልጅ? እርሱም እንደ ጓደኛው ከጋራዥ ልግባ ይላል» አለ። መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። አባትየውም ዝም ካለ በኋላ፥ «እናቱ ታማለች። የመድኃኒቱ ገንዘብ በየወሩ ነው። ሁለት ታናናሾቹም ትምህርት ላይ ናቸው» ብሎ መለሰ።

መምህሩ ለዚህኛው አባት፥ «አባቴ፥ ለእርስዎ ቤት በዚህ ዓመት የሚሻለው ቀኑ የታወቀ ደመወዝ ነው። ልጁ ከጽሕፈት ቤቱ ይግባ። ነገር ግን የሙያ ፍቅሩን እንዳይገድሉበት፤ በማታ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንዲማር ይፍቀዱለት። ያን ጊዜ ወንበሩ መቆያው ይሆናል እንጂ መታሰሪያው አይሆንም» አለው።

እነሆ፥ ልጆቹ እኩዮች ናቸው፥ በሮቹም ያው ሁለት በሮች ናቸው፤ ምክሩ ግን ተለያየ። መምህሩ ከወረዳው ጽሕፈት ቤትና ከጋራዡ የትኛው እንደሚበልጥ አልፈረደም፤ የመረመረው ልጁንና ቤቱን ነው። ለሁሉ አንድ መልስ የሚሰጥ መካሪ ለሁሉ በሽተኛ አንድ ሥር የሚቀምም መድኃኒተኛ ይመስላል።

ስለዚህ መምህሩና ሽማግሌው ለመምከር ሲቀመጡ አራት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፥ ይህ ሥራ በ5 ዓመት ውስጥ ለልጁ ምን ያስተምረዋል? ቤቱ ቢዘጋ ይዞት የሚወጣው ምን ዕውቀት አለው? ሁለተኛ፥ የልጁ ቤተ ሰብ የገንዘብ መዘግየት ምን ያህል ሊችል ይችላል? ሦስተኛ፥ ውሉ ተጽፏልን? ጡረታውስ በትክክል ተመዝግቧልን? አራተኛ፥ ልጁ ወደዚህ ሥራ የሚሄደው ሥራውን ወዶ ነው ወይስ በሥራው ሽፋን ሌላ ነገር ፈልጎ ነው?

ይህ አራተኛው ጥያቄ ሊታለፍ አይገባውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት በአገር ውስጥ አለ። ልጁን ወደ መንግሥት ሥራ የሚልከው ይህን ተረት በልቡ ይዞ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያ አባት ለልጁ ሥራ ሳይሆን ወኅኒ እየፈለገለት ነው። የመንግሥት መዝገብ የደኻው ሁሉ አደራ ነው፤ ከድሬ ዳዋ ገጠር በእግሩ ተጉዞ ማኅተም ለማስመታት የመጣ ሽማግሌ «ነገ ተመለስ» ሲባል የሚያጣው አንድ የሥራ ቀን ነው። እንዲሁም ወደ ንግድ የሚሄደው ሚዛን ለማጉደል ከሆነ፥ የቀፊራ ገበያ ሰው አንድ ጊዜ ቢታለል ሁለተኛ ጊዜ ወደዚያ መደብር አይመለስም። አደራ የማይበላ ሰው በሁለቱም በር ገብቶ መከበር ይችላል።

መምህራን ሆይ፥ እናንተ ራሳችሁ ደመወዛችሁ ከመንግሥት የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ተማሪው በመንደሩ የሚያየው የመጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ እናንተ ናችሁ። በሰዓቱ የሚገባ፥ ደኻውንና ሀብታሙን እኩል የሚያስተምር መምህር ስለ መንግሥት ሥራ ክብር ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስረዳል። በዚያው አንደበት ግን አናጢውን፥ ብረት ሠሪውንና ነጋዴውን በተማሪዎች ፊት አክብሩ፤ የተናቀ ሙያ ጎበዝ ልጅ አይማርከውምና። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ በሠርግና በሐዘን ቤት ስለ ልጆች ስትነጋገሩ፥ «የማን ልጅ ከየት ተቀጠረ?» ብቻ ሳይሆን፥ «የማን ልጅ ምን ሥራ ቻለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ሲለወጥ የአባቶች ኩራት ይለወጣል፤ የአባቶች ኩራት ሲለወጥም የልጆች ምርጫ ይቃናል።

የጀልዴሳ ግመል መንገድ አለፈ፤ አሮጌው ባቡርም ዘመኑን ጨርሶ ቆመ፤ አሁን ያለውም አንድ ቀን በሌላ ይተካል። ልጆቻችሁ ያን ቀን ሲያዩ በእጃቸው ሙያ፥ በመዝገብ የተጻፈ መብት፥ በሰው ፊት የታመነ ስም ይኑራቸው። ይህ ከተሟላላቸው ከየትኛውም በር ቢገቡ እንጀራቸውን አያጡም።